ኩሬው የሚታመመው ሌሊት ነው

ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚታየው የስንዴ ማሳ ነው። ባሌ በስንዴው፣ በገብሱና በኮምባይነሩ እንጂ በዓሣ አይታወቅም። ዓሣ ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ዝዋይ፣ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ጣና ነው። ቢሆንም ከተራራው የሚወርዱት ወንዞች ከዓሣ የራቁ አይደሉም። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ከኬንያ የመጣ ትራውት የተባለ የዓሣ ዝርያ በወይብና በዳንካ ወንዞች ተለቆ፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በዲንሾ አካባቢ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይኖራል። ደጋው ዓሣ ማኖር እንደሚችል በዚህ ታይቷል።

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ ከሆነ ወዲህ ዓሣ ከወተት፣ ከዶሮ፣ ከእንቁላልና ከማር ጎን ተሰልፎ ስሙ ይጠራል። ኩሬ ቆፍሮ፣ ውኃ ሞልቶ፣ የዓሣ ጫጩት ጨምሮ ከጓሮ ምግብና ገቢ ማግኘት የሚለው ሐሳብ ለአርሶ አደሩም ለሥራ አጥ ወጣቱም የሚስብ ነው፤ መሳቡም ተገቢ ነው። ነገር ግን ስለ ዓሣ ኩሬ በሚሰጠው ምክር ውስጥ አንድ ነገር በተደጋጋሚ ይዘለላል። ስለ ቁፋሮው፣ ስለ ጫጩቱ ቁጥር፣ ስለ ፍጉና ስለ መኖው ብዙ ይወራል። ዓሣው ሌሊት ምን እንደሚተነፍስ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በሮቤና በጎባ ከፍታ ላይ ደግሞ ይህ ጥያቄ ከሁሉም መቅደም ነበረበት።

ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ሲከፈት እየተንፈቀፈቀ የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይባላል። ሰውም፣ ከብትም፣ ዓሣም ወደ ውጭ የሚተነፍሱት እሱን ነው። ዕፅዋት በተቃራኒው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ምግባቸውን ለመሥራት ይጠቀሙበታል፤ በዚያው ሂደት ኦክስጅን ያወጣሉ። በዓሣ ኩሬ ውስጥ ይህን ሥራ በዋናነት የሚሠሩት በዓይን ለይቶ ለማየት የሚያዳግቱ ደቃቅ አልጌዎች ናቸው። ኩሬው አረንጓዴ መልክ ይዟል የሚባለው እነሱ ሲበዙ ነው። አርሶ አደሩ የላም እበት ወይም የዶሮ ኩስ ወደ ኩሬው የሚጨምረውም እነሱን ለመመገብ ነው። ፍጉ አልጌውን ያበዛል፣ አልጌው ደቃቅ የውኃ ነፍሳትን ይመግባል፣ ዓሣው ሁለቱንም ይበላል። መኖ በተወደደበት ጊዜ ከዚህ የረከሰ ቀለብ የለም።

ችግሩ ያለው «ዕፅዋት ኦክስጅን ይሰጣሉ» የሚለው አባባል እውነትነቱ ለቀን ብቻ መሆኑ ላይ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ አልጌው ምግብ መሥራቱን ያቆማል፤ መተንፈሱን ግን አያቆምም። ቀኑን ሙሉ ኦክስጅን ሲሰጥ የዋለው አልጌ ከምሽት ጀምሮ ከዓሣው ጋር እየተሻማ ኦክስጅን ይወስዳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያወጣል። ከኩሬው ወለል ላይ የሚበሰብሰው ፍግና የተረፈ መኖም እንዲሁ። ስለዚህ ሌሊቱን በሙሉ አንዱ ጋዝ ይቀንሳል፣ ሌላው ይጨምራል። ሁለቱም ከፋ ደረጃ የሚደርሱት ጎህ ሊቀድ ሲል፣ ከንጋቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

የሁለቱ ጋዞች ጉዳት ደግሞ አንዱ ሌላውን የሚያባብስ ነው። በውኃው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ዓሣው በደሙ ውስጥ ያለውን ጋዝ በስንጥቦቹ በኩል ማስወጣት ያቅተዋል። ደሙም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ቀን ላይ የማይጎዳው የኦክስጅን መጠን ንጋት ላይ አይበቃውም። ዓሦቹ ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ሲዘጉ ይታያሉ። የማያውቅ ሰው ተርበዋል ብሎ መኖ ይበትንላቸዋል፤ ከዚህ የከፋ ስሕተት የለም። በዚያ ሰዓት የተበተነ መኖ ሳይበላ ወደ ታች ወርዶ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስም የቀረችውን ኦክስጅን ይወስዳል።

አሁን የባለሙያው ሰዓት ይታሰብ። የመንግሥት ሥራ የሚጀምረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ባለሙያው ቢሮ ገብቶ፣ ሞተር ወይም መኪና አግኝቶ፣ ቀበሌ ደርሶ ኩሬው ዳር ሲቆም ከረፋዱ 5 ሰዓት ወይም ከቀኑ 8 ሰዓት ይሆናል። ፀሐይ ከወጣች ብዙ ሰዓት አልፏል፤ አልጌው ሥራውን ጀምሯል፤ ዓሦቹ ወደ ጥልቁ ተመልሰዋል። መለኪያ ይዞ ቢለካ እንኳ ቁጥሩ መልካም ነው። ከቀኑ 9 እና 10 ሰዓት ላይ ቢመጣማ ኩሬው በዕለቱ ከሚኖረው የኦክስጅን መጠን ከፍተኛውን ያገኛል። «ኩሬው ጥሩ ነው» ብሎ ጽፎ ይመለሳል፤ የጻፈውም ውሸት አይደለም። ኩሬው የሚታመመው ግን እሱ በተኛበት ሰዓት ነው። በየትኛውም ክሊኒክ ሕመምተኛ ጤናው ሲመለስ ብቻ እየታየ ሕክምና አይሰጥም።

ይህ ሁሉ በዝዋይም በባሕር ዳርም እውነት ነው። ባሌን ለየት የሚያደርገው ከፍታው ነው። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2 ሺህ 500 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ ጎባ ከ2 ሺህ 700 ሜትር ታልፋለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ወደ ሳነቴ አምባ የወጣ እንግዳ ጥቂት ተራምዶ ሲያለከልክ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ዓሣም ከዚህ ነፃ አይደለም። በባሕር ወለል ላይ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ያለው ውኃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ያው ውኃ ሮቤ ላይ ከ7 ሚሊ ግራም በታች ነው የሚይዘው። በሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ ላይ የሰፈረው የፍግ መጠንና የጫጩት ብዛት ሮቤ ላይ እንዳለ ከተወሰደ፣ ኩሬው ሌሊቱን የሚጀምረው ሩብ ያህሉ ስንቅ ተቀንሶበት ነው ማለት ነው።

የደጋው ብርድ በበኩሉ የሚክሰው ነገር አለ። ቀዝቃዛ ውኃ ከሞቃት ውኃ የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል፤ 15 ዲግሪ ላይ ሮቤ ውስጥ ያለ ውኃ ወደ 7 ሚሊ ግራም ተኩል ይደርሳል። በብርድ ጊዜ ዓሣውም አልጌውም የሚተነፍሱት በዝግታ ነው። ስለዚህ በበጋው ውርጭ ሌሊት የአየር እጥረቱ ረገብ ይላል። ታዲያ በዚያን ጊዜ ሌላ ችግር ይመጣል፤ በአገሪቱ ኩሬዎች በብዛት የሚረባው ቆሮሶ ሙቀት ወዳድ ዓሣ ነው። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን በደንብ ያድጋል፤ ከ16 እና 17 ዲግሪ በታች ምግብ መብላቱን ይተዋል። ሳይበላ በሚከርምበት ኩሬ ላይ ፍግ መጨመር ትርፉ ብስባሽ ማከማቸት ነው። እውነቱን ለመናገር ቆሮሶን በሮቤና በጎባ ሜዳ ላይ ከማስጨነቅ ከሐረና ደን ወዲያ ላለው ለደሎ መና ቆላ መተው ይሻላል። ዋናው ጉዳይ የዝርያ ምርጫ ባይሆንም።

ዋናው ጉዳይ በአልጌውና በዓሣው መካከል ያለው ሚዛን ነው። ይህን ሚዛን ከማንም በላይ በየቀኑ የሚኖሩት፣ አርሶ አደር ያልሆኑ ሰዎች ናቸው። በውጭ አገርም በአዲስ አበባም ለጌጥ ብለው በመስታወት ገንዳ ውስጥ ዓሣና የውኃ ተክል የሚያኖሩ አሉ። ተክሉ እንዲለመልምላቸው አንዳንዶቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሲሊንደር እያወጡ በትንሽ በትንሹ ወደ ገንዳው ይለቃሉ። ጋዙ ካነሰ ተክሉ ይቀጭጫል፣ ከበዛ ዓሣው ይታፈናል። ስለዚህ ገንዳው ውስጥ ቀለሙን የሚቀይር ፈሳሽ ይሰቅላሉ፤ ሰማያዊ ከሆነ ጋዙ አንሷል፣ አረንጓዴ ከሆነ ልክ ነው፣ ቢጫ ከሆነ በዝቷል። መብራቱ ሲጠፋ ጋዙም ይዘጋል፤ ተክሉ በጨለማ አይጠቀምበትምና። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው ካፏጨሩ ደግሞ ፈሳሹ ምንም ቀለም ያሳይ ምን፣ ጋዙ ወዲያው ይቆማል።

አርሶ አደሩ የጋዝ ሲሊንደር የለውም። ነገር ግን ባልዲ ሙሉ ፍግ ወደ ኩሬው በደፋ ቁጥር የሚያደርገው ያንኑ ነው። ፍጉ ሲበሰብስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ አልጌው ይለመልማል፣ ሌሊት ሁሉም ይተነፍሳል። ልዩነቱ ባለ መስታወቱ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ዓሦቹን ማየቱ ነው። በአረንጓዴ ኩሬ ውስጥ ያለ ዓሣ እስኪሞት ድረስ አይታይም።

የሚያስደስተው ለዚህ መለኪያ ከገበያ መግዛት ግዴታ አለመሆኑ ነው። ክንድ ይበቃል። እጅን ወደ ኩሬው እስከ ክርን ድረስ አስገብቶ መዳፍን ማየት ነው። መዳፉ ጨርሶ ጥርት ብሎ ከታየ ውኃው ቀጭን ነው፣ ፍግ ይፈልጋል። በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ደብዘዝ ብሎ ከታየ መልካም ነው። ክንዱ ገና ግማሹ ሳይገባ መዳፉ ከጠፋ ውኃው በዝቶበታል፤ ፍግ ይቁም። በዘንግ ጫፍ ላይ ነጭ ሳህን አስሮ ማጥለቅም ይቻላል፤ ሳህኑ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ከዓይን ቢሰወር ልክ ነው። ይህ መለኪያ የሚሠራው ውኃው በአልጌ ሲያርንጉድ ነው እንጂ ከጎርፍ በገባ ጭቃ ሲደፈርስ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። በሮቤ ከፍታ ላይ ደግሞ ወደ ጥንቃቄው ማድላት ነው፤ በቆላ «ልክ ነው» የሚባለው አረንጓዴ እዚህ ሊበዛ ይችላል።

ከክንዱ በላይ ታማኝ የሆነው ግን ንጋት ላይ ወጥቶ ማየት ነው። አርሶ አደሩ ለላሞቹ ሲል በዚያ ሰዓት ነቅቷል። ወደ በረቱ ሲሄድ በኩሬው በኩል ቢያልፍ፣ ዓሦቹ ላይ ወጥተው አየር ሲሹ ካየ፣ ያን ቀን ፍግም መኖም የለም። ንጹሕ ውኃ ካለ ይገባል፤ ከሌለ ከራሱ ከኩሬው በባልዲ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ ጊዜ ይገዛል። ውኃ ከአየር ጋር ሲጋጭ ኦክስጅን ይቀበላል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያስወጣል። የወይብና የዳንካ ትራውት በዚያ ከፍታ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወንዞቹ ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተሙ ሲወርዱ ሌሊትም አየር ይቀበላሉ። የቆመ ኩሬ ይህ ዕድል የለውም።

የባሌ ዝናብም የራሱ ጠባይ አለው። ሌላው አገር አንድ ክረምት ሲኖረው እዚህ አርሶ አደሩ ገናን አርሶ ለቦና ይደግማል። ለስንዴና ለገብስ ይህ በረከት ነው። ለዓሣ ኩሬ ግን ደመና በዓመት ሁለት ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። ለሁለት ለሦስት ቀን ሰማዩ ሲጨፍን አልጌው ቀን ላይ የሚያወጣው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ሌሊት የሚወስደው ግን አይቀንስም። ኩሬ በአንድ ሌሊት የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ በእንዲህ ያለው ሰሞን ነው። ስለዚህ ደመናው ሲከብድ ፍግ ማቆም እንደ ሕግ መያዝ ይገባዋል። የጎረቤት ማሳ ታጥቦ የሚመጣውን ጎርፍ ከኩሬው ማራቅም እንዲሁ፤ ጎርፉ ማዳበሪያውንም ፀረ አረሙንም ይዞ ይመጣል።

ኩሬውን በምንጭ ውኃ መሙላት በብዙዎች ዘንድ እንደ ዋስትና ይቆጠራል። ውኃው ንጹሕ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ከመሬት በታች የቆየ ውኃ ግን ብዙ ጊዜ ኦክስጅኑ ትንሽ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ብዙ ነው። የባሌ ከብት አርቢ ከብቶቹን የሚነዳበትን የሆራ ውኃ የሚያውቅ፣ ከመሬት የሚወጣ ውኃ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ አይጠፋውም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ውኃው በቱቦ ቀጥታ ወደ ኩሬው ከሚገባ፣ በድንጋይ ደረጃ ላይ እየተንደረደረ እንዲወርድ ማድረግ። ኩሬውን በባሕር ዛፍ መክበብም መቅረት አለበት። ዛፉ ነፋሱን ይከለክላል፤ ቅጠሉም ኩሬው ውስጥ ወድቆ ይበሰብሳል።

ስለ ኖራም አንድ ነገር መባል አለበት፤ ምክንያቱም ለአሲዳማ አፈር ተብሎ የመጣ ኖራ በየቦታው አለና ወደ ኩሬም መበተኑ አይቀርም። የተፈጨው የእርሻ ኖራ ውኃው የአሲድ መጠኑ በቀንና በሌሊት መካከል በኃይል እንዳይዋዥቅ ያግዛል፤ ፍጉም እንዲሠራ ይረዳል። ለግንባታ የሚውለው የተቃጠለ ኖራ ግን ሌላ ነገር ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከውኃው ውስጥ ፈጥኖ ያጠፋል፤ ጥቂት ከበዛ ግን ዓሣውንም አብሮ ያጠፋል። «ኖራ ጨምሩ» የሚል ምክር የትኛውን እንደሆነ ካልነገረ ባይሰጥ ይሻላል።

አምባዛ የሚያረቡ ሰዎች ይህን ሁሉ ሲሰሙ ፈገግ ሊሉ ይችላሉ። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ ከአየር በቀጥታ የሚተነፍስበት አካል ስላለው፣ ሌላው ዓሣ የሚሞትበትን ኩሬ ይችላል። እሱም ቢሆን ጫጩት ሳለ ይህ አካል አልዳበረለትም፤ ብርዱም አይስማማውም። ደግሞም መቻል ሌላ መመቸት ሌላ ነው። ሌሊት ሌሊት ሲታፈን የሚያድር ዓሣ ባይሞትም አይበላም፣ አያድግም፣ በሽታም ቶሎ ይይዘዋል። የእንስሳ ደኅንነት የሚለው ጉዳይ በዓሣ ላይ ሲነሳ እንደ ቅንጦት የሚያዩት አሉ። የታፈነ ዓሣ ግን የበላውን መኖ ወደ ሥጋ አይለውጥም፤ ለቀለቡ የወጣው ገንዘብ ከኩሬው ሥር ቀርቷል።

ሌላም ጉዳት አለ፤ እሱ በገንዘብ አይቆጠርም። አንድ ቤተሰብ ለወራት የደከመበት ኩሬ ማለዳ ላይ ዓሣው ሁሉ ሆዱን ገልብጦ ቢገኝ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ «ሰው መርዝ ጣለብኝ» የሚለው ነው። ከጎረቤት ጋር በውኃ ወይም በድንበር የቆየ ቅሬታ ካለማ ጥርጣሬው ስም ያገኛል። ምልክቱን ማወቅ ከዚህ ያድናል። በአየር እጥረት ሲሆን ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚሞቱት ትልልቆቹ ናቸው፤ ትንንሾቹ በገጹ ላይ ባለችው ቀጭን አየር ያገኘ ውኃ ይተርፋሉ። አምባዛ በኩሬው ካለ እሱም ይተርፋል። ሞቱም በንጋት ነው፤ በዋዜማው ውኃው ጥቁር አረንጓዴ ነበር ወይም ሰማዩ ጨፍኖ ሰንብቷል። መርዝ ግን ትልቅ ትንሽ አይልም፤ ሰዓትም አይመርጥም። ይህን የሚያስረዳ ባለሙያ በወረዳው ቢኖር የሽማግሌም የፖሊስም ድካም በቀነሰ ነበር።

እዚህ ላይ ጥያቄው ወደ ግብርና መዋቅሩ ይዞራል። ስለ ዓሣ በሚቀርቡ ሪፖርቶች ላይ ጎልቶ የሚታየው የተቆፈረው ኩሬና የተጨመረው ጫጩት ቁጥር ነው። ጫጩት ወደ ኩሬ ሲለቀቅ ካሜራ አለ። ከወራት በኋላ ስንቱ ደረሰ፣ ስንት ኪሎ ተሰበሰበ የሚለው ግን ያን ያህል አይነገርም። ከተጨመረው መቶ ጫጩት ስንቱ ለሰሐን በቃ የሚለው ቁጥር ሪፖርቱ ላይ ቢገባ ሌሊቱ በራሱ ይቆጠራል፤ ሌሊቱን ያላለፈ ዓሣ ሰሐን ላይ አይደርስምና።

አካባቢው ዕውቀት የሚጠየቅበት አጥቶ አይደለም። ሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል ከሮቤ አጠገብ ነው፤ በስንዴና በገብስ ያገኘው ክብር «ለዚህ ከፍታ የትኛው ዘር፣ መቼ፣ ምን ያህል» ብሎ በመሞከሩ የመጣ ነው። መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ሮቤ ነው። በዓሣ ላይ የሚሠሩ የምርምር ማዕከላት ደግሞ በዝዋይና በሰበታ አሉ። የሚጎድለው የእነዚህ ሰዎች እጅ በአንድ ኩሬ ላይ መገናኘቱ ነው፦ በአንድ የአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከል ግቢ ውስጥ፣ በገናም በቦናም፣ ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ንጋት ላይ የሚለካበት ኩሬ። ዓመት ሙሉ የተመዘገበ የአንድ ኩሬ ንጋት፣ ከሌላ አገር ከተገለበጠ መመሪያ ይበልጣል። ኦክስጅን መለኪያ መሣሪያው ለአንድ አርሶ አደር ውድ ነው፤ ለአንድ ወረዳ ግን አይከብድም። በልማት ሠራተኛው ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቆለፈበት ግን መግዛቱ ትርጉም የለውም፤ ማታ አርሶ አደሩ ቤት ማደር አለበት።

ትራውትን በኩሬ ለማርባት የሚያስብ ካለ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠብቀዋል። ትራውት አልጌ አይበላም፤ ሥጋ ነክ መኖና ያለማቋረጥ የሚፈስ ውኃ ይሻል። በሊትር ከ5 ሚሊ ግራም ያነሰ ኦክስጅን ይጎዳዋል፤ በጎባ ከፍታ ያለው ውኃ ሙሉ በሙሉ አየር ተቀብሎ እንኳ ከዚህ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሁለተኛው ትራውት ለባሌ እንግዳና አዳኝ ዓሣ መሆኑ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከተቆጠሩለት ሀብቶች መካከል በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ እንስሳት አሉ፤ እንቁራሪቶቹም ከእነዚያው ናቸው። ከኩሬ ያመለጠ ትራውት ገና ባልደረሰበት ጅረት ቢገባ የሚበላው ከእነሱ ነው። ስለዚህ ፈቃድ ሰጪው አካል የኩሬው መውጫ ወንፊት አለው ወይ ብሎ ሳይጠይቅ መፈረም የለበትም፤ ወንፊቱም በጎርፍ ሰሞን ተሄዶ መታየት አለበት፤ እሱም ቢሆን ከቢሮ ሰዓት ውጭ መምጣቱ አይቀርም።